የሻርክ ጥርስ ሣጥን፦ ጠጠሩን ግዙ፣ ድንጋዩን ተዉት

ሥራዬ የጥርስ ሕክምና ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሰው አፍ ውስጥ ሳይ ኖሬያለሁ። የእህቴ ልጅ አሥር ዓመት ሊሞላው ሲል ምን ልግዛለት ብዬ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ "የሻርክ ጥርስ መፈለጊያ" የሚል ሣጥን አየሁ። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር መፈለግ አልቻልኩም። ለሱም ለኔም ይሆናል ብዬ አዘዝኩት። ሦስት ሳምንት ሠርተንበታል። አሁን ስለሱ መናገር እችላለሁ።

ሣጥኑ ውስጥ ሁለት ኪሎ ገደማ ጠጠር በጨርቅ ከረጢት አለ። ትንሽ ወንፊት፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ አጉሊ መነጽርና የጥርሶች ሥዕል ያለበት ካርድም አብረው መጥተዋል። ለብቻው በስፖንጅ ተጠቅልሎ ደግሞ ግማሹ ድንጋይ ውስጥ የተቀበረ አንድ ትልቅ ጥርስ አለ። ማስታወቂያው ላይ ጎልቶ የሚታየው ይኼ ትልቁ ነው። ጠጠሩ ከኋላ፣ ጥግ ላይ ነው የተቀመጠው። ሰው ሣጥኑን የሚገዛው ለትልቁ ጥርስ ብሎ እንደሆነ ሻጩ ያውቃል። የሣጥኑ ሀብት ግን ጠጠሩ ውስጥ ነው።

ከረጢቱ ላይ የተሰፋው ወረቀት "ኦሮራ፣ ኖርዝ ካሮላይና፣ የፎስፌት ማዕድን ማውጫ" ይላል። ይህችን አንዲት መስመር ሳነብ ደስ አለኝ። ኦሮራ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ አካባቢ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። አጠገቧ ለማዳበሪያ የሚሆን ፎስፌት የሚቆፈርበት ሰፊ ጉድጓድ አለ። ቁፋሮው የሚያልፍባቸው ንብርብሮች ድሮ የባሕር ወለል ነበሩ። ዕድሜያቸው በግርድፉ ከ3 እስከ 20 ሚሊዮን ዓመት ይደርሳል። ከተማዋ ውስጥ የቅሪተ አካል ሙዚየም አለ። ፊት ለፊቱ ከማዕድኑ የመጣ አፈር ተቆልሎ፣ ጎብኚው ቁጭ ብሎ እየፈለገ ያገኘውን ይዞ ይሄዳል። የኛም ከረጢት የዚያ ዓይነት አፈር ነው።

ጠጠሩን በደረቁ አትንኩት። አቧራው ብዙ ነው። እኛ ባልዲ ሙሉ ውኃ አዘጋጅተን፣ ወንፊቱን ውኃው ውስጥ አጥልቀን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዝን አጠብነው። ጭቃው ሲሄድ ግራጫና ጥቁር ድቡልቡል ፍሬዎች፣ የዛጎል ስብርባሪና የዓሣ አከርካሪ ቁርጥራጭ ቀረ። የባልዲውን ውኃ ደግሞ እጅ መታጠቢያ ውስጥ አትድፉት፤ ቧንቧው ይደፈናል።

የመጀመሪያዋን ጥርስ ያገኘው ልጁ ነው። እኔ ጠጠሩን በጣቴ እየበተንኩ ስፈልግ እሱ ዝም ብሎ ነበር የሚያየው። "አክስቴ፣ ይቺ ታብለጨልጫለች" አለኝ። እውነትም የጥርስ ሽፋን ነው። የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ የማየው ያ አንጸባራቂ ገጽ፣ የሚሊዮኖች ዓመት ዕድሜ ይዞ መዳፌ ላይ ተኛ። ጠርዟን በጥፍሬ ሳካት አሁንም ትስላለች።

በመጀመሪያው ምሽት 61 ሙሉ ጥርስ ለቀምን። ስብርባሪውን አልቆጠርነውም።

ልጁ ያኔ የጠየቀኝ ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ ነው። "የቀረው ሰውነታቸው የት ሄደ?" አለ። የሻርክ አፅም እንደኛ አጥንት አይደለም። ጆሯችንና የአፍንጫችን ጫፍ ላይ እንዳለው ዓይነት የሚተጣጠፍ ልም አጥንት ነው። ሻርኩ ሲሞት ይበሰብሳል፣ ይበታተናል፣ ድንጋይ የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው። ጥርሱ ግን ይቀራል። ደግሞም ብዙ ነው። እኛ በልጅነት 20፣ ካደግን በኋላ 32፣ በድምሩ 52 ጥርስ ተሰጥቶን በዚያው ዕድሜያችንን እንጨርሳለን። ሻርክ ድዱ ውስጥ ከኋላ የተደረደሩ ተተኪዎች አሉት። የፊቱ ሲወልቅ የኋላው ወደፊት እየተንሸራተተ ይተካዋል። ይኼ እስኪሞት ድረስ አይቆምም። አንድ ሻርክ በሕይወት ዘመኑ በሺዎች የሚቆጠር ጥርስ ባሕር ወለል ላይ ጥሎ ያልፋል። ሻርኮች ደግሞ በባሕር ውስጥ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ኖረዋል።

እዚህ ላይ ሙያዬ ስለሚያስገድደኝ ትንሽ ልቆይ። ለታካሚዎቼ በየቀኑ ስለ ፍሎራይድ እነግራቸዋለሁ። የኛ ጥርስ ሽፋን የተሠራበት ማዕድን ፍሎራይድ ሲገባበት አሲድን ይበልጥ ይቋቋማል። የሻርክ ጥርስ ሽፋን ገና ሲበቅል ጀምሮ በፍሎራይድ የተሞላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ጀርመን ውስጥ ተመራማሪዎች የማኮ ሻርክንና የነብር ሻርክን ጥርስ መርምረው ይህንኑ አሳይተዋል። ጥንካሬው ከኛ ጥርስ እንደማይበልጥም አብረው አግኝተዋል። ይኼ እኔን አስገርሞኛል። በባሕር ታች ለረጅም ጊዜ የሚቆየው የማይሰበር ስለሆነ አይደለም። ውኃ በቀላሉ የማያሟሟው ማዕድን ስለሆነ ነው። ከሽፋኑ በታች ያለው ዴንቲንና ሥሩ ደግሞ ቀዳዳ ቀዳዳ አላቸው። ደለሉ ውስጥ ያሉ ማዕድናት እዚያ ገብተው ይሞሉታል። እንዲህ እያለ ጥርሱ ድንጋይ ይሆናል።

ታዲያ ሻርክ በየባሕሩ ከኖረ፣ ጥርሱ በየቦታው ለምን አይገኝም? ሣጥኑ ስለዚህ ምንም አይልም። ካርዱ ላይ ሁለት መስመር ቢጨመርበት ይበቃ ነበር፤ እኔው ልጨምርለት። ብዙ ሻርክ እንዲኖር ብዙ ምግብ ያለበት፣ ብዙ ጊዜ ጥልቀት የሌለው ባሕር ያስፈልጋል። ከዚያ የወደቀው ጥርስ ሳይበተን መቀበር አለበት። ዋናው ነገር ግን ደለሉ ቶሎ ቶሎ የማይከመርበት ቦታ መሆኑ ነው። ወንዝ ብዙ ጭቃ የሚያፈስበት ቦታ ላይ አንዱ ጥርስ ከሌላው በብዙ ሜትር ጭቃ ተለያይቶ ይቀራል። ደለል በዝግታ በሚወርድበት ቦታ ግን የብዙ ሺህ ዓመት ጥርስ በአንድ ስስ ንብርብር ላይ ይጠራቀማል። ማዕበል ደግሞ ቀላሉን ጭቃ እያጠበ ይወስደውና ከባዱን ይተወዋል። ጥርስ ከተራ አሸዋ ይከብዳል። ባልዲያችን ውስጥ ያየነውም ይኼንኑ ነው፤ ጭቃው ሄደ፣ ጥርሱ ቀረ። ባሕሩ ይህን ሲያደርግ ነው የኖረው።

ፎስፌትና የሻርክ ጥርስ አብረው የሚገኙትም ለዚህ ነው። ከጥልቅ ባሕር የሚወጣ፣ ምግብ የበዛበት ውኃ ዓሣውን ያበዛዋል፣ የሞተው ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል፣ ደለሉ ደግሞ ትንሽ ነው። ፎስፌቱም ጥርሱም እዚያው ይከማቻል። ለዚህ ነው የማዳበሪያ ማዕድን ፈላጊና የሻርክ ጥርስ ፈላጊ በአንድ ጉድጓድ የሚገናኙት። ኦሮራ አንዷ ናት። የሞሮኮው ኹሪብጋ ሌላው ነው። የፍሎሪዳው የፎስፌት አካባቢም እንዲሁ።

ከነዚህ ሁሉ ለኔ የሚገርመኝ ካሊፎርኒያ ውስጥ ቤከርስፊልድ አጠገብ ያለው ኮረብታ ነው። ስሙ ራሱ "የሻርክ ጥርስ ኮረብታ" ነው። ከፓስፊክ ውቅያኖስ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ደረቅ፣ ሣር የለበሰ ኮረብታ ነው። ዛሬ ሸለቆ የሆነው ቦታ ከ15 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ የባሕር ወሽመጥ ነበር። ተመራማሪዎች እንደሚሉት የአጥንቱ ንብርብር ለመጠራቀም 700 ሺህ ዓመት ያህል ፈጅቷል። በዚያ ሁሉ ዘመን ደለል እምብዛም ስላልወረደበት ጥርሱና የዓሣ ነባሪው አጥንት አንድ ላይ ተቆልሏል። ቦታው እ.ኤ.አ. በ1976 በብሔራዊ ደረጃ የተፈጥሮ ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል።

ራሳችሁ ወርዳችሁ መልቀም ከፈለጋችሁ የሜሪላንዱ የካልቨርት ገደል አለ። በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳር ለብዙ ኪሎ ሜትር የተዘረጋ ገደል ነው። ንብርብሩ ከ10 እስከ 20 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። ማዕበልና ዝናብ ገደሉን ሲንደው ጥርሱ ወደ ባሕር ዳር ይወርዳል። ሰው የሚለቅመው ከባሕር ዳሩ ነው። ገደሉን መቆፈርና ከሥሩ መሄድ ክልክል ነው፤ ክልከላው ደግሞ የእውነት ነው፣ ገደሉ ሰው ላይ ይናዳል። ፍሎሪዳ ውስጥ ደግሞ የፒስ ወንዝ አለ። ወንዙ የድሮውን ባሕር ንብርብር እየቆረጠ ስለሚያልፍ ጥቁር ጥርስ ከጠጠሩ ጋር ይከማችበታል። ሰው ውኃው ውስጥ ቆሞ በወንፊት ያጣራል። የፍሎሪዳ ሕግ በመንግሥት መሬት ላይ የጀርባ አጥንት ያላቸውን እንስሳት ቅሪቶች ለመሰብሰብ ፈቃድ ይጠይቃል። የሻርክ ጥርስ ግን ከዚህ ነጻ ነው። በባሕር ዳር ብቻ እየተራመደ መልቀም ለሚወድ ሰው ቬኒስ የምትባለው የዚያው ግዛት ከተማ በዚህ የታወቀች ናት።

ጥልቅ ውቅያኖስም ባዶ አይደለም። "ቻሌንጀር" የተባለችው የእንግሊዝ የምርምር መርከብ እ.ኤ.አ. ከ1872 እስከ 1876 ዓለምን ስትዞር፣ ከውቅያኖስ ወለል ሜጋሎዶን የተባለውን ግዙፍ ሻርክ ጥርስ ጎትታ አውጥታለች። ሜጋሎዶን ከምድር ከጠፋ 3.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። ከየብስ እጅግ በራቀው የባሕር ወለል ላይ ደለል የሚወርደው በጣም በዝግታ ስለሆነ፣ ጥርሱ በዚያ ሁሉ ዘመን ጠልቆ አልተቀበረም። ምክንያቱ ከኮረብታው ጋር አንድ ነው።

ወደ ሣጥኑ ልመለስ። ወንፊቱ ጥሩ አይደለም። ቀዳዳው ወደ 5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ትንንሾቹን ሁሉ ይጥላል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ የወደቀውን ደቃቅ በሻይ ማጥለያ ደገምነው። ከዚያ በኋላ ያየነው ሌላ ዓለም ነው። የሰሊጥ ፍሬ የምታክል ጥርስ ሳትቀር አገኘን። ስቲንግሬይ የተባለው ጠፍጣፋ የሻርክ ዘመድ ጥርሶችም ወጡ፤ እነሱ ሹል አይደሉም፣ ዛጎል ለመፍጨት የተሠሩ ጠፍጣፋ ንጣፎች ናቸው። በዚያ በወደቀው ደቃቅ ውስጥ ወንፊቱ ላይ ከቀረው የበለጠ ዓይነት ነበር። ሣጥኑን ከገዛችሁ የመጀመሪያውን ደቃቅ አትጣሉት። ወረንጦም አዘጋጁ፤ ሣጥኑ ውስጥ የለም።

ካርዱ ግማሹ ደህና ነው። ሥዕሎቹ ግልጽ ናቸው። የነብር ሻርክ ጥርስ እንደ ዶሮ ቆብ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ የሆነ ነው። የማኮ ጥርስ ጠርዙ ልሙጥ ነው። የሌመን ሻርክ ጥርስ ቀጥ ያለና ሥሩ ወደ ሁለት ጎን የተዘረጋ ነው። በዚህ በጣም ተጠቅመናል። ካርዱ ሥር ላይ ግን "ጥቁር ጥርስ በጣም ጥንታዊ፣ ቡናማው የቅርብ ጊዜ ነው" የሚል ተጽፏል። ይኼ ስህተት ነው። ቀለሙ የሚመጣው ጥርሱ ከተቀበረበት ደለል ውስጥ ካለው ማዕድን ነው። ኹሪብጋ የሚገኙ ጥርሶች ከኦሮራዎቹ በአሥር ሚሊዮኖች ዓመት ይበልጣሉ፤ ቀለማቸው ግን እንደ ማር ፈዛዛ ነው። ካርዱ ላይ ያለውን መስመር ልጁ ራሱ በእስክሪብቶ ሰረዘው።

አሁን ወደ ትልቁ ጥርስ። ድንጋዩ ሥር የተለጠፈው ወረቀት "ሞሮኮ" ብቻ ይላል። ጥርሱ ያምራል። ርዝመቱ አምስት ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ግራና ቀኙ ላይ ትንንሽ ጎን ጥርሶች አሉት፤ ኦቶደስ የተባለው የጠፋ ሻርክ ዓይነት ነው። ልጁ ማታ ማታ አጠገቡ አስቀምጦ ይተኛ ነበር። እኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ደስ አላለኝም። ሥሩና አንጸባራቂው ክፍል የሚገናኙበት መስመር በጣም ንጹሕ ነው። የተፈጥሮ ጥርስ እዚያ ላይ እንዲህ አይደለም።

አንድ ቀን ክሊኒክ ይዤው ሄድኩ። የጥርስ ሙሌት በትክክል መግጠሙን የማይበትን ቀጭን መርፌ በመስመሩ ላይ ጎተትኩት። ያዘኝ። በአልትራቫዮሌት ባትሪ ሳበራበት መስመሩ ሰማያዊ ሆኖ በራ። ሙጫ ነው። ጥጥ አሴቶን ነክሬ የድንጋዩን ጥግ ስጠርገው አሸዋው መፈርፈር ጀመረ፤ ድንጋዩ ድንጋይ አይደለም፣ አሸዋ በማጣበቂያ ተለውሶ የተጋገረ ነው። የላይኛው ክፍል እውነተኛ የኦቶደስ ጥርስ ነው። ሥሩ የሌላ ጥርስ ነው። ሁለቱ እዚያ የተገናኙት በሰው እጅ ነው።

ለልጁ መንገር ከበደኝ። ነገርኩት። ዝም አለ፤ ከዚያ "ታዲያ የላይኛው የት ነበር?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ይኼ የሞሮኮን ጥርስ ሁሉ እንድትጠራጠሩ አይደለም። እዚያ የእውነት ጥርስ በገፍ ይገኛል፤ ፎስፌቱ በብዛት ስለሚቆፈር ከድንጋይ ውጭ ለብቻው የሚሸጥ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ እውነተኛ ነው። የሚጠረጠረው በድንጋይ ውስጥ አምሮ የተቀመጠው ነው። መንጋጋ ተብሎ በአንድ ድንጋይ ላይ በሰልፍ የተደረደረማ የበለጠ ያጠራጥራል፤ የሻርክ መንጋጋ ልም አጥንት መሆኑን አስታውሱ።

ሰዎች በእነዚህ ጥርሶች ሲሳሳቱ ይኼ የመጀመሪያ ጊዜ አይደለም። በድሮ አውሮፓ ከድንጋይ ውስጥ የሚወጣውን የሻርክ ጥርስ "የምላስ ድንጋይ" ይሉት ነበር። በማልታ የሚገኙትን ደግሞ ከቅዱስ ጳውሎስ ጋር ያያይዟቸዋል። በዚያችው በማልታ (በመላጥያ) ደሴት እፉኝት እጁን ስትይዘው እባቦቹን ረገማቸው፣ ምላሳቸውም ድንጋይ ሆነ ብለው ያምኑ ነበር። መርዝ ያረክሳል ብለው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1666 ጣልያን ውስጥ ሊቮርኖ አጠገብ አንድ ትልቅ ሻርክ ተይዞ፣ ጭንቅላቱን ዴንማርካዊው ሐኪም ኒኮላስ ስቴኖ እንዲመረምረው ተላከለት። ስቴኖ ጥርሶቹን አይቶ ከምላስ ድንጋዩ ጋር አንድ መሆናቸውን በሚቀጥለው ዓመት ጻፈ። ከዚያ ግን አላቆመም። ጥርስ እንዴት ድንጋይ ውስጥ ይገባል ብሎ ጠየቀ። ድንጋዩ ድሮ ለስላሳ የባሕር ደለል ነበር የሚለው ሐሳብ፣ የታችኛው ንብርብር ከላይኛው ይቀድማል የሚለውም ትምህርት ከዚህ ጥያቄ ነው የወጣው። ሐኪም ሆኖ ከአንድ አፍ ተነሥቶ ምድርን ማንበብ መጀመሩ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ለሻጩ ጻፍኩለት። ፎቶዎቹን ላክሁ። በጨዋ ቋንቋ መለሰልኝ፤ የድንጋዩን ድርሻ ገንዘቤንም መለሰ። ከየትኛው ጉድጓድ፣ ከየትኛው ንብርብር እንደመጣ ስጠይቀው ግን እሱም ከሌላ ሰው በጅምላ እንደገዛው ብቻ ነው የነገረኝ። ገንዘቡን ስላገኘሁ ቅሬታዬ አላለቀም። ቦታው የጠፋበት ጥርስ ምን ባሕር ውስጥ እንደነበረ፣ ከማን ጋር እንደኖረ፣ ዕድሜው ስንት እንደሆነ በትክክል የሚነግረን የለም። ጠጠሩ ላይ ያለችው አንዲት መስመር ወረቀት ግን ይኼን ሁሉ ትሰጣለች።

ስለዚህ ጠጠሩ ለብቻው ከተሸጠላችሁ ሳታመነቱ ግዙት። ሙሉ ሣጥኑን ለትልቁ ጥርስ ብላችሁ አትግዙ። ከመግዛታችሁ በፊት ከረጢቱ ላይ የቦታ ስም መኖሩን ጠይቁ፤ "ጥንታዊ ባሕር" የሚል ብቻ ከሆነ ተዉት። ዕድሜው ከሰባት በታች የሆነ ልጅ ትዕግሥቱ ያልቃል፤ በጣም ትንንሾቹ ደግሞ አፋቸው ውስጥ ይከቱታል። ከዘጠኝ ዓመት በላይ ለሆነና መፈለግ ለሚወድ ልጅ ግን እኔ እስከዛሬ ከገዛሁለት ስጦታ ሁሉ ይሻላል።

ሁለተኛ ከረጢት አዝዘናል፤ ጠጠሩን ብቻ። የመጀመሪያዎቹን ልጁ በክብሪት ሣጥኖች ውስጥ በየዓይነታቸው ለይቶ አስቀምጧቸዋል። በእያንዳንዱ ላይ "ኦሮራ፣ ኖርዝ ካሮላይና" ብሎ ጽፏል፤ በስንተኛው ከረጢት እንደተገኘም ጨምሯል። የትልቁን ጥርስ የላይኛ ክፍል ከሥሩ አላቅቄ ስሰጠው ለሱም ሣጥን አዘጋጀለት። ክዳኑ ላይ "ሞሮኮ" ይላል፤ ከሥሩ የቀረውን ቦታ ባዶ ትቶታል።